ቀብዱ ከመከፈሉ በፊት ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሆነ ይታወቅ

የእጅ ስልክ ነጋዴ ቀፎ ሲያስመጣ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፡፡ ዋጋው ስንት ነው? ዋስትናው የስንት ጊዜ ነው? መለዋወጫው ይገኛል ወይ? ቀፎውን የሚያንቀሳቅሰው መሠረታዊ ፕሮግራም፣ በሙያው አጠራር ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ፣ የማን እንደሆነና ነገ ማን እንደሚያድሰው የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም፡፡ ለመጠየቅም ያህል ምርጫ የለም፡፡ በዓለም ገበያ ከሚሸጡት መቶ ዘመናዊ ስልኮች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ወይ የጉግል አንድሮይድ፣ ወይ የአፕል አይኦኤስ የተጫነባቸው ናቸው፡፡ መርካቶ በመደብር የሚደረደሩት ቴክኖዎችና ሳምሰንጎችም በአንድሮይድ የሚሠሩ ናቸው፡፡

ይሁንና ይህንኑ ጥያቄ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሰለቹ የሚጠይቁ ደንበኞች አሉ፡፡ እነርሱም ዮላ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ የሚያዘጋጀውን፣ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተውን ሴይልፊሽ የተሰኘ የስልክ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚጠቀሙ ናቸው፡፡ ቁጥራቸው ጥቂት፣ ጥያቄያቸው ግን ብዙ ነው፡፡ ኩባንያው በሚቀጥለው ዓመት ይኖራል ወይ? የተዘጋው የፕሮግራሙ ክፍል የሚከፈተው መቼ ነው? የባንክ ፕሮግራሜ መሥራቱን ቢያቆም ማንን እጠይቃለሁ? ኩባንያው ቢዘጋ የገዛሁት ስልክ ምን ይሆናል?

ብዙዎች እነዚህን የኮምፒዩተር አፍቃሪዎች ጭቅጭቅ አድርገው ያልፏቸዋል፡፡ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ጥያቄዎቹ የቴክኒክ ሳይሆኑ የአበዳሪ ጥያቄዎች ናቸው፡፡ ገንዘቡን አስቀድሞ የከፈለ ሰው ዋስትናው ምን እንደሆነ እየጠየቀ ነው፡፡ መልሱም ከኢንጂነር ሳይሆን ከውል መምጣት አለበት፡፡

(ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ከኖኪያ ጓዳ የወጣ

የነገሩ መነሻ ኖኪያ ነው፡፡ ኖኪያን የማያስታውስ ነጋዴ አይኖርም፡፡ በ2007 ገደማ በዓለም ከሚሸጡት አሥር የእጅ ስልኮች አራቱ ያህል የእርሱ ነበሩ፡፡ ይኸው ኩባንያ ከ2005 ጀምሮ ማኤሞ የተባለ በሊኑክስ ላይ የቆመ ፕሮግራም በትናንሽ መሣሪያዎቹ ሲሞክር ቆይቶ፣ በ2010 ከኢንቴል ጋር ሽርክና በመግባት ሚጎ የሚባለውን ጀመረ፡፡ ሚጎ ግን ዕድሜ አልነበረውም፡፡ በሴፕቴምበር 2010 የኖኪያን አመራር የያዙት ስቴፈን ኤሎፕ በፌብሩዋሪ 2011 ኩባንያው ወደ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ስልክ እንደሚዞር አስታወቁ፡፡ በዚያው ዓመት ለገበያ የቀረበው ኤን 9 የተባለው ስልክ ተመስግኖ የተሸጠ፣ ነገር ግን ከመወለዱ በፊት ወራሽ እንደማይኖረው የተነገረበት ምርት ሆነ፡፡

የሚቀጥለውን ሁሉም ያውቀዋል፡፡ ማይክሮሶፍት የኖኪያን የስልክ ክፍል ለመግዛት በ2013 ተስማማ፤ ግዢው በኤፕሪል 2014 ተጠናቀቀ፤ በ2015 ደግሞ ከዚሁ ግዢ ጋር በተያያዘ 7.6 ቢሊዮን ዶላር ከሂሳብ መዝገቡ ሰረዘ፡፡

ከሚጎ ሠራተኞች መካከል ጥቂቶቹ ኖኪያን ለቀው በ2011 ዮላን መሠረቱ፡፡ የሚጎን ክፍት ክፍል ወስደው፣ የራሳቸውን የገጽታ ሥራ ጨምረውበት ሴይልፊሽ አሉት፡፡ የመጀመሪያው የዮላ ስልክ በኖቬምበር 2013 ሄልሲንኪ ላይ ለሽያጭ ቀረበ፡፡ እዚህ ላይ ለኩባንያው ሊመሰገን የሚገባው ነገር አለ፡፡ ያን የ2013 ቀፎ ለሰባት ዓመት ያህል ማደሱን አላቆመም፡፡ በዚያ ዘመን የታወቁ የአንድሮይድ አምራቾች ሁለት ዓመት ያህል ካደሱ በኋላ ቀፏቸውን ይረሱት ነበር፡፡

ላም አለኝ በሰማይ

ችግሩ የመጣው ከታብሌቱ ጋር ነው፡፡ በኖቬምበር 2014 ዮላ ታብሌት ለመሥራት ከሕዝብ ገንዘብ አሰባሰበ፡፡ የጠየቀው 380 ሺህ ዶላር ሲሆን፣ ይህ በሰዓታት ውስጥ ሞልቶ ዘመቻው ሲያበቃ ከዕቅዱ አራት እጥፍ በላይ ተሰበሰበ፡፡ ገንዘቡ ሲገባ ሁሉም ደስ አለው፡፡

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 2015፣ ኩባንያው ሲጠብቀው የነበረው የአዲስ ባለሀብቶች ገንዘብ ቀረ፡፡ ወዲያውም አብዛኛውን ሠራተኛ ለጊዜው ለማሰናበትና ዕዳውን በፍርድ ቤት በኩል ለማስተካከል ተገደደ፡፡ በጃንዋሪ 2016 የተነገረው ደግሞ ከከፈሉት ውስጥ ታብሌቱ የሚደርሳቸው ጥቂት መቶዎች ብቻ እንደሆኑ ነበር፡፡ ለቀሩት ገንዘባቸው በሁለት ጊዜ እንደሚመለስ ቃል ተገባ፤ ሁለተኛው ክፍያ ግን በኩባንያው አቅም ላይ የሚወሰን ሆነ፡፡ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው፡፡

ማጭበርበር ነበር ለማለት አይደለም፡፡ ገንዘቡ ፕሮግራም ለመሥራትና ደመወዝ ለመክፈል ዋለ፡፡ ለነጋዴ ዋናው ትምህርት ሌላ ነው፡፡ አስቀድሞ የከፈለው ሰው ገዢ መስሎት ነበር፤ ኩባንያው ሲቸገር ግን ራሱን መያዣ የሌለው አበዳሪ ሆኖ አገኘው፡፡ አክሲዮን የለውም፤ ድምፅ የለውም፤ በዕዳ ሰልፍ ላይም መጨረሻ ቆሟል፡፡

የሞስኮ ገንዘብ

ኩባንያው በዲሴምበር 2015 ገንዘብ አግኝቶ ተረፈ፡፡ ከዚያ በኋላ ተስፋው የነበረው ለመንግሥታትና ለትልልቅ ድርጅቶች ፈቃድ መሸጥ ነው፡፡ «ከጉግልም ከአፕልም ነፃ የሆነ ስልክ ለሚፈልግ መንግሥት እኛ አለን» የሚል የንግድ ሐሳብ ነበር፡፡ ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም፡፡ ሩሲያ ፈላጊ ሆነች፡፡ በ2016 ሴይልፊሽ በዚያ አገር ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ዕውቅና አገኘ፡፡ በ2018 የሩሲያ መንግሥት ከፍተኛ ድርሻ ያለበት ሮስቴሌኮም የፈቃዱን ባለቤት የሩሲያ ኩባንያ ሲጠቀልል፣ በዮላም ውስጥ ትልቅ ባለድርሻ ሆነ፡፡ የሩሲያው ቅጂ በ2019 አውሮራ የሚል ስም ወጥቶለት የራሱን መንገድ ያዘ፡፡

ከዚያ ፌብሩዋሪ 2022 መጣ፡፡ ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር፣ ትላንት ኩባንያውን ያቆመው ገንዘብ ዛሬ አንገቱ ላይ የታሰረ ድንጋይ ሆነ፡፡ የሩሲያ መንግሥት ድርሻ ካለበት ኩባንያ ጋር ውል የሚዋዋል የአውሮፓ የመኪና ፋብሪካ ወይም ባንክ ከየት ይገኛል? ነገሩ የተቋጨው በኖቬምበር 2023 ነው፡፡ የፊንላንድ ፍርድ ቤት በፈቀደው ሽያጭ፣ የዮላ ሥራ በሙሉ ጆሊቦይስ ወደተባለ፣ የቀድሞ ሥራ አመራር አባላት ወዳቋቋሙት ኩባንያ ተዛወረ፡፡ ሠራተኞቹም ከሥራው ጋር ተሻገሩ፡፡

ደንበኞች ይህን ሲሰሙ አጨበጨቡ፡፡ ማጨብጨባቸው ተገቢ ነው፡፡ ነገር ግን በወራቱ ውስጥ ምን እንደተጠበቀ ልብ ይሏል፡፡ የስልካቸው ዕጣ የተንጠለጠለው በአንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ነበር፡፡ ንብረቱን ሌላ ገዢ ወስዶ መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጠው፣ ደንበኛው የሚናገርበት ወንበር አልነበረውም፡፡

ሂሳቡ ምን ይላል?

አዲሱ ኩባንያ በ2024 ከቱርክ አምራች ጋር አንድ ቀፎ አወጣ፡፡ በዲሴምበር 2025 ደግሞ አዲስ የዮላ ስልክ ለመሥራት ማሰቡን ገልጾ፣ 2,000 ሰዎች 99 ዩሮ ቀብድ ከከፈሉ ሥራውን እንደሚጀምር አስታወቀ፡፡ ቁጥሩ በቀናት ውስጥ ሞላ፤ ከዚያም አለፈ፡፡ ለመጀመሪያዎቹ ገዢዎች የተቆረጠው ዋጋ 499 ዩሮ ነው፡፡

ይህ ከ2014ቱ የተሻለ አሠራር መሆኑን መመስከር ይገባል፡፡ ሙሉ ዋጋ ሳይሆን ቀብድ ተጠየቀ፤ ገበያ መኖሩ ሳይታወቅ ምርት አልተጀመረም፡፡ ሆኖም እርሳስ ይዘን እናስላው፡፡

99 ዩሮ በ2,000 ሲባዛ 198 ሺህ ዩሮ ነው፡፡ ሃያ የፕሮግራም ባለሙያዎች ቢኖሩና ለእያንዳንዱ በወር 5 ሺህ ዩሮ ቢወጣ፣ የወር ወጪው 100 ሺህ ይሆናል፡፡ የቀብዱ ገንዘብ የሁለት ወር ደመወዝ አይሞላም ማለት ነው፡፡ ሙሉ ዋጋው ሲከፈልስ? ከ499 ዩሮ ላይ የፊንላንድ የተጨማሪ እሴት ታክስ 25.5 በመቶ ሲነሳ 398 ያህል ይቀራል፡፡ ቀፎውን ማሠራት፣ ማጓጓዝና ዋስትናውን መሸከም 300 ዩሮ ይፈጃል ብንል የሚተርፈው 98 ዩሮ ነው፡፡ በ2,000 ቀፎ 196 ሺህ፤ እርሱም ሁለት ወር አይሞላም፡፡ ሽያጩ አምስት እጥፍ አድጎ 10,000 ቢደርስ እንኳ የሚገኘው 980 ሺህ፣ አሥር ወር የማይደፍን ገንዘብ ነው፡፡

የሃያ ባለሙያውና የ300 ዩሮው አኃዝ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፡፡ አንባቢ ከፍም ዝቅም ሊያደርጋቸው ይችላል፡፡ መደምደሚያው ግን አይለወጥም፡፡ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በየወሩ ደመወዝ የሚበላ ነገር ነው፤ ቀፎ ደግሞ አንድ ጊዜ ተሸጦ የሚያልቅ፡፡ በየወሩ የሚበላን አፍ አንድ ጊዜ በሚገኝ ገቢ መቀለብ አይቻልም፡፡ ዮላም ይህን ስለሚያውቅ ነው ሴይልፊሽን ለሶኒ ኤክስፔሪያ ስልኮች በ49.90 ዩሮ ፈቃድ ሲሸጥ የኖረው፤ የአንድሮይድ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ የሚያስኬደውን ሥራውንም ለመኪና አምራቾች ሲያቀርብ የቆየው፡፡

የተከፈተው በርና የተዘጋው በር

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ፡፡ ሴይልፊሽ ሁለት ክፍል አለው፡፡ መሠረቱ ክፍት ነው፤ ማንም ወስዶ ሊሠራበት ይችላል፡፡ ላዩ ግን፣ ማለትም ተጠቃሚው የሚያየውና የሚነካው የገጽታ ሥራ፣ በየጊዜው የተከፈቱ ክፍሎች ቢኖሩትም በዋናነት የኩባንያው ንብረት ሆኖ ቆይቷል፡፡ የአንድሮይድ ፕሮግራሞችን የሚያስኬደው ክፍልም እንዲሁ ዝግ ነው፡፡ ይህ ሁለተኛው ቀላል ነገር አይደለም፡፡ ባንክ፣ ታክሲ፣ የመልእክት መላላኪያ፣ ሁሉም የሚጻፈው ለአንድሮይድና ለአይኦኤስ ነው፡፡ ያለዚያ ክፍል ስልኩ ለብዙ ሰው ጌጥ ነው፡፡ ከእርሱም ጋር ቢሆን የጉግልን ማረጋገጫ የሚጠይቁ አንዳንድ የባንክ ፕሮግራሞች በሴይልፊሽ ላይ አንሠራም ይላሉ፡፡

ባለቤት ሲጠፋ ክፍት የሆነውና ዝግ የሆነው ምን እንደሚደርስባቸው ገበያው ምሳሌ ሰጥቶናል፡፡ ካኖኒካል የተባለው ኩባንያ ኡቡንቱን ስልክ ላይ ለማዋል ሲደክም ቆየ፡፡ በ2013 ኤጅ ለተባለ ስልክ 32 ሚሊዮን ዶላር ከሕዝብ ጠይቆ 12.8 ሚሊዮን ያህል ብቻ ቃል ስለተገባለት ሥራው ቀረ፡፡ በ2015 በስፔን አምራች ስልክ አወጣ፤ በኤፕሪል 2017 ግን ሥራውን ጨርሶ መተዉን አስታወቀ፡፡ ነገር ግን ፕሮግራሙ ክፍት ስለነበረ፣ ዩቢፖርትስ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ተረክቦ እያደሰው ይገኛል፡፡ ሀብታም አላደረጋቸውም፤ ስልካቸው ግን አልሞተም፡፡

ሁለተኛው ምሳሌ ለነጋዴ ይበልጥ ይጣፍጣል፡፡ ሞዚላ ፋየርፎክስ ኦኤስ የተባለውን የርካሽ ስልክ ፕሮግራም በ2013 ገበያ ላይ አውሎ፣ ሳይሳካለት በ2016 ተወው፡፡ ክፍት ስለነበረ ሌሎች አንስተው ካይኦኤስ አሉት፡፡ በ2017 ሕንድ ውስጥ ጂዮፎን በተባለው ርካሽ ቀፎ ላይ ተጭኖ በአሥር ሚሊዮኖች ተቸበቸበ፤ በ2018 ጉግል ራሱ 22 ሚሊዮን ዶላር አፈሰሰበት፡፡ አንዱ የጣለውን ሌላው አንስቶ አተረፈበት፡፡ በሩ ዝግ ቢሆን ኖሮ የሚነሳ ነገር አይኖርም ነበር፡፡

ተቃራኒው ሐሳብ

ኩባንያው የራሱ ክርክር አለው፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም፡፡ የተዘጋው ክፍል የሚሸጠው ብቸኛ ዕቃው ነው፡፡ ሁሉን ከፍቶ ቢያስቀምጠው ፈቃድ የሚገዛው ማን ነው? ባለ ብዙ ገንዘብ ተወዳዳሪ ወስዶ በራሱ ስም ቢሸጠውስ? ባለሀብት ሲመጣ ምን አለኝ ብሎ ያሳያል? ሱቁን ከነዕቃው ለመንገደኛ ክፈት የሚል ምክር ነጋዴ አይቀበልም፤ እኔም አልመክርም፡፡

በደንበኞቹ በኩል ያሉት ደግሞ አሁኑኑ ሁሉም ይከፈት ይላሉ፡፡ ሁለቱ ወገኖች ከአሥር ዓመት በላይ እንዲህ ተፋጠው ቆይተዋል፡፡ አንዱ «ሁሉን አሁን»፣ ሌላው «ቀስ በቀስ፣ ሲመቸን»፡፡

ሦስተኛ መንገድ ግን አለ፡፡ አዲስ ግኝትም አይደለም፡፡ ከሴይልፊሽ ሆድ ውስጥ ነው ያለው፡፡

የኪዩት ውል

የሴይልፊሽ የገጽታ ሥራ የቆመው ኪዩት በተባለ የፕሮግራም መሣሪያ ላይ ነው፡፡ ኪዩት በመጀመሪያ ትሮልቴክ የተባለ የኖርዌይ ኩባንያ ንብረት ነበር፡፡ በ1990ዎቹ ኬዲኢ የተባለው የሊኑክስ ማኅበረሰብ ሥራውን በሙሉ በኪዩት ላይ ሲያቆም፣ «ኩባንያው ቢሸጥ ወይም ቢዘጋ ምን እንሆናለን?» የሚል ጥያቄ ተነሣ፡፡ ዛሬ የሴይልፊሽ ደንበኞች የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፡፡

ሁለቱ ወገኖች በ1998 ተዋዋሉ፡፡ የጋራ ድርጅት አቋቋሙ፤ በውሉም ኩባንያው የኪዩትን ነፃ ቅጂ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ማውጣት ካቆመ፣ ድርጅቱ ፕሮግራሙን ለሁሉም በሚለቅ ፈቃድ የማሰራጨት መብት እንዲኖረው ተስማሙ፡፡ ኩባንያው ሥራውን እስከቀጠለ ድረስ መብቱ አይነካም፤ ካቆመ ግን በሩ ይከፈታል፡፡

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ፡፡ ኪዩት በ2008 ለኖኪያ ተሸጠ፤ ኖኪያ ፊቱን ወደ ማይክሮሶፍት ሲያዞር በ2012 ለዲጂያ አስረከበው፤ በ2016 ደግሞ ራሱን ችሎ በሄልሲንኪ የአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ኩባንያ ሆነ፡፡ ሦስት ጊዜ እጅ ተለወጠ፤ ውሉ ግን ከንብረቱ ጋር እየተላለፈ ጸንቶ ቆየ፡፡ ውል አለበት ብሎ ከመግዛት የሸሸ የለም፡፡ የአክሲዮን ገበያም አልናቀውም፡፡ «እንዲህ ያለ ዋስትና ዋጋችንን ያወርደዋል» ለሚለው ሥጋት ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም፡፡

እንግዲህ ዮላ ሊያደርግ የሚገባው፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ሦስት ነገር ነው፡፡

አንደኛ፣ የተዘጋውን ክፍል ሙሉ ቅጂ በየጊዜው ለገለልተኛ ወገን በአደራ ያስቀምጥ፤ ኩባንያው ቢፈርስ ወይም ለተወሰነ ጊዜ ማደሱን ቢያቆም አደራው እንዲከፈት በውል ይሰር፡፡ የውሉ ግዴታ በሽያጭም ሆነ በፍርድ ቤት ዝውውር ለሚገዛው ወገን ይተላለፍ፡፡ ለአደራ የማይመቹ፣ ከሌላ በፈቃድ የተወሰዱ ክፍሎች ካሉ ዝርዝራቸው ይታወቅ፡፡

ሁለተኛ፣ ቀፎ ሳይላክ የተሰበሰበ ገንዘብ ከደመወዝና ከኪራይ ሂሳብ ተለይቶ ይቀመጥ፡፡ የ2014ቱ ጉዳት የደረሰው የደንበኛ ገንዘብና የድርጅቱ ገንዘብ በአንድ ከረጢት ስለነበረ ነው፡፡

ሦስተኛ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለደንበኞቹ አጭር የሂሳብ መግለጫ ይስጥ፡፡ ስንት ፈቃድ ተሸጠ? ከመኪናና ከሌላ ሥራ የሚገባው ከወጪው ስንት እጁን ይሸፍናል? ሐሜት የሚነግሠው አኃዝ በጠፋበት ነው፡፡

እነዚህ ሦስቱ ኩባንያውን ብዙ ገንዘብ አያስወጡትም፡፡ የሚያስገኙለት ግን ትልቅ ነው፡፡ ዛሬ በአውሮፓ በአሜሪካ ኩባንያዎች ላይ አንደገፍ የሚለው ድምፅ እየበረታ ነው፡፡ መንግሥታትና ድርጅቶች ሌላ አማራጭ እየፈለጉ ነው፡፡ ይህ ለዮላ ከ2013 ወዲህ የተሻለው ዕድል ሊሆን ይችላል፡፡ ነገር ግን አንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ ሺህ ሠራተኞቹ ስልክ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ነገ ባትኖሩስ?» ብሎ ነው፡፡ መልሱ በወረቀት የተጻፈ ውል ካልሆነ ጨረታው የሌላው ነው፡፡

ለእኛ ነጋዴ ምን ይነግረዋል?

ሴይልፊሽ መርካቶ ይደርሳል ብሎ የሚጠብቅ የለም፤ እኔም ያን ለማለት አልተነሣሁም፡፡ ጉዳዩ የሚነካን በሌላ መንገድ ነው፡፡ የፋብሪካ ሳይሆን የፕሮግራም ባለቤት በሆነው ላይ የተንጠለጠለ ንግድ በአገራችንም እየበዛ ነው፡፡ የሂሳብ መዝገቡን፣ የመጋዘኑን ቆጠራ፣ የሽያጭ ደረሰኙን በአንድ አነስተኛ ድርጅት ፕሮግራም ላይ ያስቀመጠ ነጋዴ ስንት ነው? ያ ድርጅት ነገ ቢዘጋ ፕሮግራሙ ማን ዘንድ ይቀራል? መዝገቡስ ይወጣል ወይ? ለፕሮግራም ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ስለዚህ አንድ አንቀጽ በውሉ ያስገባ ጥቂት ነው፡፡

ገና ላልተሠራ ዕቃ፣ ገና ላልቆመ ቤት፣ ገና ላልተጀመረ ሥራ ቀብድ የመክፈል ልማድ ለእኛም እንግዳ አይደለም፡፡ ቀብድ የሚከፍል ሰው ሁልጊዜ ዋጋውን ያከራክራል፤ ዋስትናውን ግን አያነሳም፡፡ ሻጩ ፈገግ እያለ ሲያስተናግደው፣ ኩባንያው ሲቸገር ከሰልፉ የት ላይ እንደሚቆም መጠየቅ ነውር ይመስለዋል፡፡

የሴይልፊሽ ደንበኞች ይህን ነውር አልፈው በየዓመቱ ጠይቀዋል፤ ሊመሰገኑ ይገባል፡፡ የጎደላቸው አንድ ነገር ነው፡፡ ጥያቄውን ያነሱት ሁልጊዜ ከከፈሉ በኋላ ነበር፡፡ ደንበኛ ከሁሉ የበለጠ ጉልበት የሚኖረው ገንዘቡ በኪሱ ሳለ ነው፡፡ በዲሴምበር 2025 ሁለት ሺህ ሰዎች ከመክፈላቸው በፊት በአንድ ድምፅ «በመጀመሪያ የአደራው ውል» ቢሉ ኖሮ፣ ኩባንያው በዚያው ሳምንት ጠበቃ ይጠራ ነበር፡፡

ለሚቀጥለው ቀፎ ጊዜው ገና ነው፡፡ ሳይቃጠል በቅጠል፡፡